ጩኸት፣ ለቅሶና ማቃሰት በእንግሊዝኛ፦ ትክክለኛውን ቃል መምረጫ ዝርዝር መመሪያ

የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ «ሻውት» ጮኸ፣ «የል» ጮኸ፣ «ስክሪም» ጮኸ፣ «ሽሪክ»ም ጮኸ ተብሎ ይገኛል። ተማሪው አራቱን አንድ ናቸው ብሎ ይይዛል። ከዚያ «መምህሩ ተማሪዎቹን ጸጥ ለማሰኘት ጮኸ» ሊል ሲፈልግ «ስክሪም»ን ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ የሚታየው ግን ክፍሉን የተቆጣ መምህር ሳይሆን ራሱን መግዛት አቅቶት በቀጭን ድምፅ እሪ የሚል ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው እንከን የለበትም፤ የተበላሸው የሰውዬው ምስል ነው።

የችግሩ ሥር ሁለቱ ቋንቋዎች ድምፅን የሚገልጹበት መንገድ መለያየቱ ነው። አማርኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፊ ግስ ይይዝና ዝርዝሩን በአጃቢ ቃል ያመጣዋል፦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፣ ምርር ብላ አለቀሰች፣ ጩኸቷን አቀለጠችው፣ ሲጢጥ ብሎ ቆመ፣ እፎይ አለ። እንግሊዝኛ ቅጥነቱንም፣ ርዝመቱንም፣ ስሜቱንም አንድ ግስ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ግስ አንድ የአማርኛ ግስ መፈለግ ከመነሻው አያዋጣም። የሚፈለገው ግሱ ከነአጃቢው ነው። ከዚህ በታች የእንግሊዝኛ ቃላቱ በፊደላችን የተጻፉት በሚነገሩበት ድምፅ ነው።

ከቃሉ በፊት ድምፁን መመርመር

ቃል ከመምረጥ በፊት ስለ ድምፁ አምስት ነገሮችን በዚህ ቅደም ተከተል መጠየቅ ይበጃል።

መጀመሪያ፣ ድምፅ ነው ወይስ ትንፋሽ? «ሳይ»፣ «ጋስፕ» እና «ፓንት» በዋናነት የአየር መውጣትና መግባት ናቸው፤ ከጩኸት ወገን አይደሉም። «ዊስፐር» ደግሞ ንግግር ሆኖ ሳለ የድምፅ አውታሮች የማይርገበገቡበት ነው። በሹክሹክታ እየተናገሩ ጣትን ጉሮሮ ላይ ቢያሳርፉ ንዝረት የማይሰማው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? የአዋቂ ወንድ የንግግር ድምፅ በአማካይ በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፣ የሴት 200 ገደማ፣ የሕፃን ለቅሶ ደግሞ ከ400 እስከ 500። «ሮር» እና «ቤሎው» ከታችኛው ጫፍ ናቸው፤ «ሽሪክ» እና «ስኩዊል» ከላይኛው ጫፍ እጅግ ያልፋሉ።

ሦስተኛ፣ አጭር ነው ወይስ የተጎተተ? «የልፕ» የተረገጠ ውሻ የሚያሰማት አንዲት ቅጽበት ናት፤ «ሃውል» ደግሞ ትንፋሽ እስኪያልቅ የሚሳብ ነው። አራተኛ፣ ውስጡ ቃል አለበት? «ሻውት» አብዛኛውን ጊዜ ቃል ይዟል፤ «ሽሪክ» ብዙ ጊዜ ባዶ ድምፅ ነው። አምስተኛውና ተማሪዎች በብዛት የሚዘሉት ጥያቄ፣ ተራኪው በድምፁ ላይ ምን ፍርድ ሰጥቷል የሚለው ነው። «ዋይን»፣ «ስክሪች»፣ «ስኒቨል» (ንፍጥ እየሳቡ ማልቀስ) እና «ብለበር» (ያለ ለከት መነፋረቅ) ድምፁን ከመግለጽ አልፈው ሰሚው እንደተሰላቸ ወይም እንደናቀ ይናገራሉ። ያዘኑለትን ሰው ለቅሶ በእነዚህ መግለጽ ሰውየውን መስደብ ይሆናል።

«ክራይ»ን ለብቻው መፍታት

ከሁሉም በላይ ተርጓሚን የሚያሳስተው ይህ ቃል ነው፤ አለቀሰም ጮኸም ማለት ይችላልና። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው።

ከኋላው «አውት» ካለ ጩኸት ነው። «ክራይ አውት» ማለት ከሕመም፣ ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ሳይታሰብ አምልጦ የሚወጣ አጭር ድምፅ ነው። «ክራይ ፎር ሄልፕ» የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ ኡኡ አለ ቢባል ይስማማል። በምሳሌያዊ አነጋገር፣ ጭንቀቱን በቀጥታ መናገር ያቃተው ሰው በአድራጎቱ ርዳታ መለመኑንም ይገልጻል። «ክራይ ኦቨር» ሲሆን ግን ለቅሶ ነው፤ የተለቀሰለት ነገር ይከተላል። ሳያቋርጥ የሚቆይ ድርጊት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሌሊቱን ሙሉ ሲባል፣ ትርጉሙ በአብዛኛው ማልቀስ ነው።

በትምህርተ ጥቅስ የተከበበ ንግግር ሲከተለው ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለዶች ገጸ ባሕርያት በየገጹ «ክራይድ» ይባላሉ፤ አንድም እንባ የለም። «እንዴት ያለ መልካም ዜና ነው!» ብላ «ክራይድ» የተባለችን ሴት «እያለቀሰች ተናገረች» ብሎ መተርጎም ደስታዋን ኀዘን ያደርገዋል። «በደስታ ጮኻ ተናገረች» ወይም «አለች በመገረም» ይበቃል። መለያው ቀላል ነው፦ በአካባቢው እንባ፣ መሐረብ፣ ያበጠ ዐይን ካልተጠቀሰና ንግግሩ በቃለ አጋኖ ካለቀ፣ የመጀመሪያው ግምት ጩኸት መሆን አለበት።

የአራስ ልጅ ድምፅ ሁለቱንም ትርጉሞች አንድ ላይ ይይዛል። አራስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያለቅስ እንባ አያፈስም፤ እንግሊዝኛ ግን ያለ ምንም ችግር «ክራይ» ይለዋል። ለአራስ «ዊፕ» የማይባለው ለዚሁ ነው፤ «ዊፕ» ያለ እንባ አይሆንም።

ከፍ ያሉት ጩኸቶች

«ሻውት»ን መነሻ ማድረግ ይሻላል፤ ከሁሉም ገለልተኛው ነውና። ሰውየው ድምፁን ከፍ ያደረገው እንዲሰማ ብሎ ነው፤ ድምፁም በቁጥጥሩ ሥር ነው። ንዴት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ተከታዩ መስተዋድድ ነው። «ሻውት አት» ጮኸበት ነው፤ ቁጣ አለበት። «ሻውት ቱ» ጮኾ ጠራው ወይም ጮኾ ነገረው ነው፤ የተጮኸው ርቀት ስላለ ወይም ጫጫታ ስለበዛ ብቻ ነው። አማርኛ በ«‑በት» የሚያደርገውን ልዩነት እንግሊዝኛ በዚህች ትንሽ ቃል ያደርገዋል። ስለዚህ ከወንዝ ማዶ ያለ ጓደኛውን የተጣራ ሰው «ሻውት አት» ከተባለ ጠብ ተፈጠረ ማለት ነው።

«የል» ከ«ሻውት» ይበልጥ የተሳለና ልጓሙ የላላ ነው። በአሜሪካ የዕለት ተዕለት ንግግር በብዛት ይሰማል፤ «የል አት» ደግሞ መቆጣት፣ መገሰጽ ማለት ሆኗል። በመደበኛ ጽሑፍ «ሻውት» ይመረጣል።

«ስክሪም» ላይ ስንደርስ ቁጥጥሩ ያበቃል። ቀጭን፣ ጠንካራና የሚቆይ ነው፤ መንስኤው ፍርሃት፣ ሕመም ወይም ወሰን ያለፈ ደስታ ነው። በድምፅ ጥናት የሚታወቅ አንድ ባሕርይ አለው፦ የጩኸቱ ኃይል በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት ይዋዥቃል፤ በተራ ንግግር ይህ መዋዠቅ 4 ወይም 5 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ጆሮ ይህን ሻካራነት እንደ አደጋ ምልክት ይቀበለዋል። በአማርኛ እሪ አለ፣ ጩኸቱን አቀለጠው የሚሉት ይቀርቡታል።

«ሽሪክ» ከ«ስክሪም» ይበልጥ ቀጭንና ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ድንገት የሚፈነዳ ነው። አይጥ ስትሮጥ ያየ ሰው «ሽሪክ» ሊያደርግ ይችላል፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ግን «ስክሪም» ነው የሚያደርገው። ለሳቅም ይሆናል፤ «ሽሪክ ዊዝ ላፍተር» የተለመደ አገላለጽ ነው። «ስክሪች» ቅጥነቱ ላይ ሻካራነትና ጆሮ ሰቅጣጭነት ይጨምራል፤ የጉጉት ዓይነት ወፎች፣ የመኪና ፍሬንና ጎማ ድምፅ ነው። ሲጢጥ ብሎ ቆመ የምንለው መኪና «ስክሪች» አድርጎ ነው የቆመው። ለሰው ሲውል ተናጋሪው ሰውየውን እንዳልወደደው ያስታውቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፦ «ሽሪክ» እና «ስክሪች» ለሴቶች፣ «ሮር» እና «ቤሎው» ለወንዶች በልማድ ይታደላሉ። አንዲት ሴት በስብሰባ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ከተከራከረች «ሻውት» ብቻ በቂ ነው፤ «ስክሪች» ማለት ክርክሯን ከነጭራሹ ማጣጣል ነው።

በወፍራሙ ወገን «ሮር» አንበሳ የሚያገሳበት፣ ሕዝብ በስታዲየም የሚያስተጋባበት፣ ሞተር የሚጓራበት ነው፤ ግርማ አለው። «ቤሎው» የበሬ ነው፤ ሰው ሲሆን አንባረቀ የሚለው ልክ ይመጣለታል፤ ከግርማው ቁጣው ያመዝናል። «ሃውል» የተኩላና የውሻ ማላዘን ነው፤ ነፋስም «ሃውል» ያደርጋል፤ ሰው በሕመም፣ በንዴትና በሳቅም ጭምር ያደርገዋል። ከ«ዌይል» የሚለየው በዚሁ ነው፦ «ዌይል» ከኀዘን አይርቅም፤ ዋይታ ነው። በሳቅ «ዌይል» አይደረግም። የአምቡላንስ ሳይረን ድምፁ እየወጣና እየወረደ ስለሚጎተት ይህንኑ ስም ወስዷል።

ለቅሶው

እዚህ አማርኛ ሀብታም ስለሆነ ሥራው ይቀላል፤ የሚያስቸግረው ደረጃውን መጠበቅ ነው።

«ዊፕ» እንባ ነው፤ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ማንባት የሚለው ይገልጸዋል። ቃሉ የጽሑፍ፣ የክብርና የኀዘን ነው፤ በተራ ወሬ መሐል «ትናንት ዊፕ አደረግሁ» ማለት ሰሚውን ያስገርማል፤ እዚያ የሚሻለው «ክራይ» ነው። የኃላፊ ጊዜው «ዌፕት» ነው፤ መደበኛውን የኃላፊ ጊዜ መድረሻ (ኢ እና ዲ) መቀጠል ተደጋጋሚ ስህተት ነው።

«ሶብ» ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ለቅሶ ነው፦ ስቅስቅ ማለት፣ ሳግ ሲተናነቅ። ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ይቆራረጣል። ድምፁ ከፍ ማለት የለበትም፤ ትራስ ውስጥ ተቀብሮም «ሶብ» ይደረጋል። እንባው በጸጥታ በጉንጩ ለሚወርድ ሰው «ሶብ» ስህተት ነው። «ቦል» የተከፈተ አፍ የሕፃን ለቅሶ ነው፤ ለአዋቂ ሲነገር ለከት ያጣ ለቅሶ መሆኑን ያሳያል። በአሜሪካ «ቦል አውት» ሲሆን ለቅሶው ይቀርና ክፉኛ መቆጣት ይሆናል።

«ዊምፐር» እና «ዋይን» በየዕለቱ ይምታታሉ። «ዊምፐር» ደካማ፣ የተቆራረጠና የታፈነ ነው፤ የፈራ ወይም የታመመ ፍጡር ድምፅ ስለሆነ ርኅራኄ ይጠራል። «ዋይን» ቀጭን፣ ሳይቋረጥ የሚሳብና የሚያሰለች ነው፤ ንጭንጭ ነው። ቡችላ በር ተዘግቶበት «ዋይን» ያደርጋል፣ ሲመታ «ዊምፐር» ያደርጋል። ቆስሎ የተኛን በሽተኛ «ዋይን» ያደርጋል ብሎ መጻፍ ተነጫነጨ ብሎ መክሰስ ነው።

ማቃሰትና መተንፈስ

«ሞን» እና «ግሮን» በአማርኛ ሁለቱም አቃሰተ ይባላሉ። «ሞን» ረጅምና ለስላሳ ነው፤ የቆየ ሕመም፣ ኀዘን፣ አንዳንዴም የሥጋ ደስታ ድምፅ ነው። ይህ የመጨረሻው ትርጉም ስላለ በአሻሚ ቦታ ላይ ሲጻፍ ምክንያቱን አብሮ መግለጽ ያስፈልጋል። «ግሮን» ከእሱ ይወፍራል፣ ያጥራል፣ ከጉልበት ይወጣል፤ እህ! እንደማለት ነው። ከባድ ዕቃ ያነሣ፣ ማለዳ ሳይፈልግ የተቀሰቀሰ፣ የቤት ሥራ ተጨማሪ ገጽ የተሰጠው ተማሪ «ግሮን» ያደርጋል። የማያስቅ ቀልድ የሰሙ ሰዎችም እንዲሁ። በክብደት የተጨነቀ የእንጨት ወለል «ግሮን» ያደርጋል፤ ነፋስ ደግሞ «ሞን»። በብሪታንያ ንግግር «ሞን» ማማረር ማለትም ነው፤ አሜሪካኖች ለዚህ «ዋይን» ወይም «ኮምፕሌይን» ይላሉ።

«ሳይ» በረጅሙ መተንፈስ ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ አንድ ነገር ይጠፋል፦ እፎይ እና ኡፍ ሁለቱም «ሳይ» ናቸው። ስለዚህ እፎይታ ከሆነ «ሳይ ኦቭ ሪሊፍ» ተብሎ መሟላት አለበት። በተቃራኒው መንገድ ተርጓሚው ዐውዱን አንብቦ እፎይ፣ ኡፍ ወይም «በሐዘን ተነፈሰ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። ጽሕፈቱ ውስጥ ያሉት ጂ እና ኤች አይነበቡም።

«ጋስፕ» የአየር አቅጣጫው ወደ ውስጥ ነው፤ ድንገት ይሳባል። ትንፋሿ ቀጥ አለ፣ ክው አለች በሚባልበት ቦታ ይገባል። «ጋስፕ ፎር ብሬዝ» ግን አየር አጥሮት መታገል ነው። ሯጭ ቁና ቁና ሲተነፍስና ውሻ ሲያለከልክ «ፓንት» ይባላል፤ ፈጣንና ተደጋጋሚ ነው።

ዝቅ ያሉት ድምፆች

እዚህ አራት ቃላትን መለየት ይበቃል። «ዊስፐር» ማንሾካሾክ ነው፤ ሹክ አለ ግን ምስጢር የማቀበል ቃና ስላለው ለፍቅር ቃል ሁልጊዜ አይስማማም። «መርመር» በለሆሳስ መናገር ነው፤ ለስላሳና ብዙ ጊዜ ደግ ነው። «መተር» ማጉተምተም ነው፤ ቅሬታ አለበት፣ ሌላው እንዳይሰማውም ይፈለጋል። «መምብል» ቃሉ አፍ ውስጥ የሚቀርበት ነው፤ ቅሬታ የለበትም፤ ዐይን አፋርነት፣ እንቅልፍ ወይም ጉርሻ ይበቃዋል። ተማሪ መልሱን «መተር» አደረገ ከተባለ መምህሩ ላይ አኩርፏል፤ «መምብል» ከሆነ አፍሯል።

አብረው የሚሄዱት ቃላት

ትክክለኛው ግስ ተመርጦም ዓረፍተ ነገሩ የሚበላሸው በመስተዋድድና በረዳት ግስ ነው። ጩኸቱ ከምን እንደመጣ ሲገለጽ ስሜት «ዊዝ»ን ይወስዳል፦ በንዴት፣ በሳቅ፣ በደስታ። ሕመምና ፍርሃት «ኢን»ን ይወዳሉ፦ «ስክሪም ኢን ፔይን»፣ «ስክሪም ኢን ቴረር»። የሚጠየቀው ነገር ሲኖር «ፎር» ይገባል። ከደስታ ማንባት ግን «ዊፕ ፎር ጆይ» ወይም «ዊዝ ጆይ»፣ ሁለቱም ያስኬዳል።

እንደ ስም ሲገቡ «ሜክ»ን በሁሉም ላይ መለጠፍ አያስኬድም። ጩኸት «ሌት አውት» ይባላል፤ ታፍኖ የቆየ ነገር የሚለቀቅ ይመስላልና ለ«ስክሪም»፣ «ሃውል»፣ «ግሮን» እና «ሳይ» ይሠራል። «ጊቭ» ለአጫጭሮቹ ነው። «ሂቭ» ለ«ሳይ» የተለየ ነው፤ ከባድ ነገር እንደሚያነሡ ደረትን ከፍ አድርጎ መተንፈስን ያሳያል። ድንገት ለሚፈነዳ ለቅሶ ሁለት መንገድ አለ፦ «በርስት ኢንቱ ቲርስ» ወይም «በርስት አውት ክራይንግ»። የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት ጋር መቀጠል የተለመደ ስህተት ነው።

በጆሮ ብቻ ሲሰሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ቦል» ከኳስ፣ «ግሮን» ካደገ ሰው፣ «ዋይን» ከወይን ጠጅ፣ «ዌይል» ከዓሣ ነባሪ ጋር በብዙ ተናጋሪዎች አፍ አንድ ዓይነት ይሰማሉ። ከፊልም ድምፅ የሚተረጉም ሰው መሐል ላይ ያልተጠበቀ ዓሣ ነባሪ ቢገጥመው መጀመሪያ ይህን ይጠርጥር።

በአንድ ምንባብ ላይ መሥራት

ይህን አጭር ምንባብ ወደ እንግሊዝኛ እንውሰድ፦ «ሌሊት ላይ ውሻው ማላዘን ጀመረ። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። እናቱ በለሆሳስ እያባበለችው ሳለ በሩ ሲጥ አለ። ትንፋሿ ቀጥ አለ፤ ጥላ ስታይ እሪ አለች። ባሏ ከሌላው ክፍል ‹ምንድን ነው?› ብሎ ጮኸ። ድመቷ መሆኗን ሲያውቁ ሁለቱም እፎይ አሉ።»

ማላዘን «ሃውል» ነው፤ «ባርክ» አይሆንም፣ እሱ መጮኽና ማስፈራራት ነው። የሕፃኑ «ክራይ» ነው፤ ድምፁ ቤቱን ካናወጠ «ቦል»፣ ደክሞት ከሆነ «ዊምፐር»። እናቲቱ «መርመር» ታደርጋለች፤ «መተር» ቢገባ ልጁ እንዳስመረራት ይነበባል። በሩ አጭርና ቀጭን ድምፅ ካሰማ «ስኩዊክ»፣ አሮጌ እንጨት ቀስ ብሎ ከተንሻፈፈ «ክሪክ» ነው፤ ሲጥ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ቀጥሎ «ጋስፕ»፣ ከዚያ «ስክሪም»። ጩኸቱ ወዲያው ከተቋረጠ «ሽሪክ» የተሻለ ነው፤ «ሻውት» ግን ፍርሃቷን ይሰርዘዋል። ባልየው ግድግዳ አለና ድምፁን ከፍ ያደረገው እንዲሰማ ነው፤ «ሻውት» ይበቃዋል። «ስክሪም» ቢሰጠው እሱም ጥላውን ያየ ይመስላል። መጨረሻው «ሳይ ዊዝ ሪሊፍ» ነው፤ «ሳይ» ብቻውን ቢቀር በድመቷ ያዘኑ ሊመስል ይችላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ረቂቁን ወደ ኋላ መመለስ ነው፦ እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳያዩ፣ እያንዳንዱን ግስ ከነአጃቢው ወደ አማርኛ መልሶ ማወዳደር። እሪ የነበረው ጮኸ ሆኖ ከተመለሰ ግሱ ደክሟል ማለት ነው። በዚያው ዙር የተትረፈረፉትንም መቀነስ ያስፈልጋል። ንግግሩ ራሱ ቁጣውን ወይም ልመናውን ካሳየ «ሴድ» (አለ) የምትለዋ ተራ ግስ ትበቃለች፤ በአንድ ገጽ ሁሉም ሰው «ሽሪክ»፣ «ሮር» እና «ሶብ» ሲያደርግ አንባቢ የትኛውንም መስማት ያቆማል።